የእታለም ቲማቲም

እታለም በሕይወቷ ቲማቲም አብቅላ አታውቅም። ይህን መጀመሪያ ላይ መናገሩ ይሻላል፤ ምክንያቱም አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ያለው የአጥቢያዋ ሰው አራት ዓመት ሙሉ "የእታለም ቲማቲም" እያለ ሰላጣ የሠራበት ቲማቲም ከአንድ ትልቅ ሱቅ በካርቶን የተገዛ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ትገዛዋለች። ቤቷ ወስዳ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትዘረግፈውና በያንዳንዱ ላይ የተለጠፈችውን ሚጢጢ ወረቀት በጥፍሯ ትልጣለች። ሙጫው እንዳያስታውቅ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ከዚያ በፌስታል በፌስታል ከፋፍላ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ታድላለች። "ከሥራ ተርፎ ነው" ትላለች። ሰዎቹም "እግዜር ይስጥልን፣ እጅሽ ይባረክ" ይሏታል። እጇ ምን ሲነካ እንደሚውል የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው ብላ ታምን ነበር።

ውሸቱ ሲጀመር እንዲህ ሊከብድ አልነበረም። ዴንቨር ሰሜን፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው መጋዘን ውስጥ በተቀጠረች በወሩ፣ አንዲት ሴት "አሁን የት ገባሽ?" አለቻት። "ግሪን ሃውስ" አለች። "ምን ታበቅላላችሁ?" አለች ሴትዮዋ። መጋዘኑ ውስጥ የሚበቅለው ካናቢስ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ፈቃድ ያለው፣ ግብር የሚከፈልበት፣ መንገድ ዳር በመብራት ባጌጠ ሱቅ የሚሸጥ ዕቃ ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን ስሙ አንድ ብቻ ነው፤ ሐሺሽ። ነጠላ ለብሶ፣ ገና ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ሐሺሽ አበቅላለሁ የሚል አፍ የላትም። "ቲማቲም" አለች። በሚቀጥለው እሑድ ሴትዮዋ "ታዲያ አታቀምሺንም?" ብላ ሳቀችባት። በዚህ ተጀመረ።

አርባ አራት ዓመቷ ነው። ወደዚህ አገር የመጣችው ዜጋ የሆነ ሰው አግብታ ነው። ትዳሩ አልጸናም፤ ሰውዬው አሁን ቶርንተን ሌላ ቤተሰብ መሥርቶ ይኖራል፣ በዓል ሲሆን ይደውልላታል፣ ክፉ ሰው አይደለም። ከእሱ በፊት የወለደቻትን ልጇን መቅደላዊትን ይዛ ለመምጣት ደጅ ያልጠናችበት ሽማግሌ አልነበረም። የልጅቱ አባት ግን "ልጄን ለሰው አገር አልሰጥም" ብሎ ድርቅ አለ። መቅደላዊት በአሥራ ሁለት ዓመቷ ደብረ ብርሃን ቀረች። አባትየው የዛሬ ሁለት ዓመት ሞተ። ልጅቱ አሁን ሃያ ዓመት አልፏታል፣ አክስቷ ቤት ናት፣ የአክስትየው ባል ሰክሮ እየተንገዳገደ ሲገባ በሯን ከውስጥ ቆልፋ እንደምትተኛ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራለች። ያቺን አንድ ጊዜ እታለም አልረሳቻትም።

ሕጉ ደግሞ ልብ የለውም። መቅደላዊት ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት እናቷ ዜጋ ከሆነች፣ ልጅቱ ወረፋ አይመለከታትም፤ ትመጣለች። ሃያ አንድ ካለፋት ግን ወረፋው ስምንት ዓመትም ሊሆን ይችላል፣ ዐሥርም። ልደቷ ሚያዝያ ሃያ ስምንት ነው። እታለም ይህችን ቀን ከራሷ ልደት ይልቅ ታውቃታለች፤ የምትፈራትም እሷኑ ነበር።

የዜግነቱን ማመልከቻ የሞሉላት ጋሽ ሀብተሚካኤል ናቸው። ጋሽ ሀብተሚካኤል ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ አዲስ አበባ ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጥግ ጠረጴዛቸው ላይ መነጽራቸውን አድርገው የሰው ፎርም ይሞላሉ። ሳንቲም አይቀበሉም። ከአጥቢያው ሰው ዜጋ የሆነው ግማሹ በሳቸው እጅ ያለፈ ነው። የእታለም ተራ የደረሰ ዕለት ጠረጴዛውን ሰባት ስምንት ሰው ከቦት ነበር። ጋሽ ሀብተሚካኤል ሥራ የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ቀና አሉና፣ "ያው ቲማቲሙ ጋ ነሽ አይደል?" አሉ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

እታለም ዙሪያዋን አየች። ፌስታሏን ገና ያልከፈቱ ሴቶች ፈገግ ብለው ያዩዋታል። "አዎ ጋሼ" አለች። እሳቸው ጻፉ፣ እሷ ፈረመች። የኩባንያው ስም ምኑንም አይናገርም፤ ተራራ የሚል ቃል አለበት፣ እዚህ አገር ደግሞ ስሙ ውስጥ ተራራ የሌለበት ድርጅት የለም። ሰው ፊት ላለማፈር ብላ የመንግሥት ወረቀት ላይ ዋሸች። ሌላ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ዕብደት ነው ይላል። እኛ ግን ከሕግ በፊት የሰው ዓይን የምንፈራ ሰዎች ነን።

አሁን ስለ ሥራዋ። መጋዘኑ መስኮት የለውም። ውስጡ ስድስት ክፍል አለ፤ በያንዳንዱ ክፍል በጥቁር የጨርቅ ፖት የተተከሉ ተክሎች በረድፍ ቆመዋል። የእታለም ድርሻ ውሃ ነው፣ በተለይ የመጨረሻው ውሃ። ተክሉ ዕድሜውን ሙሉ ማዳበሪያ ሲጋት ኖሮ ሊቆረጥ ዐሥር ቀን ሲቀረው ማዳበሪያው ይቋረጥና ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሰጠዋል። ይህን ፍላሽ ማድረግ ይሉታል። ውሃው እንደነገሩ አይደፋም። ፖቱ ዙሪያውን ቀስ እያለች ታጠጣለች፣ አፈሩ እስኪጠጣ ትጠብቃለች፣ እንደገና ታጠጣለች፤ ከታች ትሪው ላይ የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ እንደ ሻይ ጠቁሮ ይወጣል። እዚያ ውስጥ መለኪያዋን ትነክርና ቁጥሩን ትመዘግባለች። ቁጥሩ አፈሩ ውስጥ የቀረውን የማዳበሪያ ጨው ይናገራል። በየቀኑ መውረድ አለበት። ቁጥሩ ሲወርድ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ደርሷል ይባላል። ካልታጠበ ጭሱ ጉሮሮ ይቧጥጣል ይላሉ። ከንቱ ልፋት ነው፣ ውሃ ማባከን ነው የሚሉም አሉ። እታለም ጭሱን ቀምሳው ስለማታውቅ ክርክሩ ውስጥ አትገባም። ሥራው ግን ደስ ይላታል። ከዚህ በፊት አረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ ሰው ስታነሳ ወገቧ ተበላሽቷል፤ እዚህ ግን የሚያቃስት የለም፣ የሚቆጣ የለም፣ ውሃ ብቻ ነው።

ሽታው ነው ጠላቷ። የሥራ ልብሷን ሁለት ፌስታል ውስጥ ቋጥራ መኪናዋ ኋላ ትጥላለች፣ ፀጉሯን በፕላስቲክ ቆብ ትሸፍናለች፣ ነጠላዋን ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ሎውሪ ሰፈር ጓደኛዋ ቤት ታስቀምጣለች። ቅዳሴ ስትቆም ከሴቶቹ ኋላ፣ በሩ ጋ ነው የምትቆመው።

ደብዳቤው የመጣው በመጋቢት አንድ ሰኞ ነው። የዜግነት ኢንተርቪዋ በሚቀጥለው ሳምንት ዐርብ ሆኗል። በዚያው ሰኞ ክፍል አራት ፍላሽ ተጀመረ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይቆረጣል፣ እሷ በማግስቱ ትፈተናለች። ደብዳቤውን ሳመችው። ማክሰኞ ጠዋት ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ኢዛና ሄደች። ኢዛና የውሃውን ክፍል የሚመራ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ እዚሁ ዴንቨር ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከእናቱ የለቀመ።

"የሚቀጥለው ዐርብ አልገባም" አለችው። "የዜግነት ኢንተርቪው አለኝ።"

"ኦ፣ ኮንግራትስ" አለ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "ዌይት። ሎየር አናግረሻል?"

"ለምን ሎየር? ሁሉን ነገር ሞልቻለሁ እኮ።"

ኢዛና የክፍሉን በር ገፋ አድርጎ ዘጋው። "እታለም፣ ሊስን። ይሄ ነገር ስቴት ላይ ሊጋል ነው። ፌደራል ላይ ግን ኢሊጋል ነው። ሲትዝንሺፕ የሚሰጠው ፌደራል ነው። እዚህ ከእኔ ጋር የሚሠራ አንድ ጋይ ነበር፣ ኤልሳልቫዶር ነው፣ ዲናይ አደረጉት፣ ከለከሉት። አጭሶ አይደለም። እዚህ ስለሠራ ብቻ።"

እታለም ውሃ ክፍት ትታ መምጣቷን የሰማችው ወለሉ ላይ ሲንዠቀዠቅ ነው። ሄዳ ዘጋችው። ፖቶቹ መካከል ቁጭ አለች። ኢዛና የሆነ ነገር ይላታል፣ የጠበቃ ቁጥር ስልኳ ላይ እየጻፈላት ነው፤ እሷ የምታየው ግን ያንን የጋሽ ሀብተሚካኤልን የእጅ ጽሑፍ ነበር። ቲማቲም።

ጠበቃዋ አሜሪካዊት ናት፣ በስልክ አናገረቻት። "አማርኛ አስተርጓሚ ልጨምር?" ስትላት እታለም ደነገጠች። በዚህ ከተማ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ሁሉ ወይ ከእሷ ጋር ያስቀድሳል ወይ የሚያስቀድስ ያውቃል። አይሆንም፣ በራሴ እንግሊዝኛ እችላለሁ አለች። ጠበቃዋ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው አስረዳቻት። እውነቱን ከተናገረች ይከለክሏት ይሆናል፤ ይሆናል ያለችውም ለወጉ ነው። ከዋሸች ደግሞ የሚሰጧት ዜግነት መቼም ቢታወቅ ይነጠቃል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ቢሆን፤ በእሱ ምክንያት የመጣች ልጅ ካለች የእሷም ወረቀት ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ያለው ሌላ መንገድ ማመልከቻውን ማንሳት፣ ከሥራው መውጣትና አምስት ዓመት ጠብቆ እንደገና መጀመር ነው። "ልጄ ሃያ አንድ ሊሞላት ነው" አለች እታለም። ጠበቃዋ "አይ አም ሶሪ" አለች፣ የምር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አንድ ዓይነት ነበሩ። ጠዋት ትገባለች፣ ታጠጣለች፣ ትለካለች። ቁጥሩ ይወርዳል፤ ፍርሃቷ ግን ወደ ላይ ይወጣል። ከመጋዘኑ ውጪ መኪና በቆመ ቁጥር አንገቷን ታዞራለች። ለኢንተርቪው ሄዶ ሳይመለስ ስለቀረ ሰው አዳራሽ ውስጥ የሰማችው ወሬ አለ፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም ግን ያወራዋል። ምግብ አልወርድ አላት፤ ጾሙ ሽፋን ሆናት እንጂ ሰው ይጠይቃት ነበር። አንድ ቀን መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ በእንግሊዝኛ ተለማመደች። "ዬስ፣ ቶሜቶ። ዬስ ሰር፣ ቶሜቶ።" ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቅዱስ ሥዕል እያያት መሰላትና ገልብጣ አስቀመጠችው፤ ወዲያው ደግሞ አፍራ መለሰችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ሀብተሚካኤል ቤት ሄደች። ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይነሽ በሩን ከፈቱላት። ጋሼ ሶፋቸው ላይ ጋዜጣ እያነበቡ ነበር። እታለም ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደያዘች፣ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት" አለች። "ስለ ሥራዬ ነው። እኔ የምሠራው..."

"ተይው፣ አትንገሪኝ" አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል። ጋዜጣቸውን አጠፉ። "አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የሚያውቁት?"

"ልጄ፣ አፍንጫ አለን እኮ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሁሉም ያውቃል። አንቺን ማን ያሳፍር?"

እታለም እትዬ ፀሐይነሽን አየች። እትዬ ፀሐይነሽ አንገታቸውን ደፉ። "ቲማቲሙንም እኔ እዚያው ሱቅ ነው የምገዛው" አሉ በለሆሳስ። "አንዷ ላይ ወረቀቷ ቀርታ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ እውነቴን ነው።"

አራት ዓመት። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በጥፍሯ ስትልጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል፣ ሰዎቹ እያወቁ "እጅሽ ይባረክ" ሲሏት ኖሩ። እታለም መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች። ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣባትና ኀፍረቷን ገፋው።

"ታዲያ እያወቁ ነው ቲማቲም ብለው የጻፉት?"

"አንቺን ሰው ፊት ላለማዋረድ ብዬ ነዋ። ያልሽውን ጻፍኩልሽ።" ጋሽ ሀብተሚካኤል መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "እነሱ ፎርሙን ነው የሚያዩት። ማንም ሄዶ መጋዘን አይፈትሽም። ቲማቲም በይና ውጪ። ልጅሽን አስቢ።"

"መሐላ አለው እኮ ጋሼ። እጅ አንስቶ መማል አለ።"

እሳቸው ጸሎተኛ ሰው ናቸው፣ በውሸት ማዪ ሊሏት አልቻሉም። እትዬ ፀሐይነሽ ሻይ ላምጣ ብለው ተነሡ፣ ሻይ ግን አላመጡም፤ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመው ቀሩ።

"ፎርሙ ላይ እኔም ፈርሜአለሁ" አሉ ጋሼ በመጨረሻ። "ያዘጋጀው ሰው የሚል ቦታ አለው። ስሜ፣ አድራሻዬ፣ ሁሉም አለ።" መነጽራቸውን አጠፉ፣ እንደገና ዘረጉ። "ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ እታለም።"

እታለም እኚህን ሰው እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። የመጣችው እሳቸው መላ ይፈልጉልኛል ብላ ነበር። የወጣችው የራሷንም የሳቸውንም ፍርሃት ተሸክማ ነው።

ሐሙስ ክፍል አራት ተቆረጠ። ከታች የሚወርደው ውሃ ጠርቶ ነበር፣ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። እታለም የመጨረሻውን ቁጥር መዘገበች፣ መለኪያዋን አጥባ ሳጥኑ ውስጥ መለሰች፣ ለኢዛና መታወቂያዋን ሰጠችው። "አልመለስም" አለችው። ኢዛና ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ "ሽታው ይይዘኛል፣ ነገ ነው" ብላ ሸሸች። ሁለቱም ሊስቁ ሞከሩ። መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ግን የምትለው ነገር ገና አልተቆረጠላትም ነበር።

ዐርብ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት መቅደላዊት ደወለች። ደብረ ብርሃን ሊመሽ ተቃርቦ ነበር። "እማዬ፣ ጸልየንልሻል። ሻንጣ ልገዛ ነው፣ ቀይ ልግዛ ሰማያዊ?" አለች። እታለም "የወደድሽውን" አለቻትና ስልኩን ዘጋች።

የቢሮው ክፍል ጠባብ ነው። መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ሹራብ የለበሰች ሴት ናት፣ ጨዋ። "ቀኝ እጅሽን አንሺ" አለቻት። እታለም አነሳች። እውነቱን፣ እውነቱን ብቻ። ማለች። ብብቷ ውስጥ ላብ ሲወርድ ተሰማት። ሽታው ቆዳዋ ላይ ይኖር ይሆን ብላ ወንበሯን በጥቂቱ ወደኋላ ሳበች። የታሪክ ጥያቄዎቹን መለሰች፣ አንዱንም አልሳተችም። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ከዚያ ሴትዮዋ ፎርሙን ገጽ በገጽ ማገላበጥ ጀመረች። አድራሻ። ትዳር። ልጆች። ሥራ።

"ቲማቲም ግሪን ሃውስ ነው የምትሠሪው" አለች። ጥያቄም አልነበረም፤ ብዕሯ ምልክት ሊያደርግ ወርዷል።

አንድ "ዬስ" ብቻ ነበር የቀረው። እታለም አፏ ላይ አድርሳው ነበር። ግን መቅደላዊትን አየቻት፤ የዛሬዋን ሳይሆን የዛሬ ዐሥር ዓመቷን፣ እዚሁ አገር፣ ምናልባት ልጅ ወልዳ፣ ምናልባት ነርስ ሆና፣ አንድ ጠዋት በሯ ሲንኳኳ። እናትሽ ምን ትሠራ ነበር ሲሏት። እዚያ ደብረ ብርሃን በሯን ቆልፋ የምትተኛ ልጅ እዚህም መጥታ በር በተንኳኳ ቁጥር ስትደነግጥ። እታለም ይህን ፍርሃት አሁን ታውቀዋለች፤ ዐሥራ አንድ ቀን ኖራበታለች፤ ለልጇ ልታወርሰው አልቻለችም።

"ኖ" አለች። "ቲማቲም አይደለም። ማሪዋና ነው።"

ብዕሩ ቆመ። ሴትዮዋ እዚያ ምን እንደምትሠራ ጠየቀቻት። እታለም ነገረቻት። የሚገርመው በዚያ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛዋ ያልተደናቀፈው ይህን ስትናገር ብቻ ነው፤ ስለ ፖቱ፣ ስለ ዐሥሩ ቀን፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ቢጫው ቅጠል። አራት ዓመት ስትናገረው የኖረችው ቋንቋ ነው። ሴትዮዋ ሁሉንም ጻፈች።

"ይህን ፎርም ማን ሞላው?"

"ሰው ነው የጻፈልኝ። ግን ቲማቲም ነው ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ፊት።" ይህም እውነት ነበር፣ አንድ ፊደል አልተጨመረበትም። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየቻትና ገጹን ገለበጠች። ስለ ጋሽ ሀብተሚካኤል ሌላ አልጠየቀችም።

መልሱ ከፋሲካ በኋላ በፖስታ መጣ። ሁለት ገጽ ነው። እታለም ሦስተኛው መስመር ላይ ማመልከቻው ውድቅ መሆኑን አንብባ የቀረውን አላነበበችም። ለጠበቃዋ ፎቶ አንስታ ላከች፤ ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ ግን ዓመት ይፈጃል የሚል መልስ አገኘች። ሚያዝያ ሃያ ስምንት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ለመቅደላዊት ጠዋት ደወለችላት። ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ቲማቲሙ፣ ስለ ጋሼ፣ ስለ መሐላው። ልጅቱ ሳታቋርጣት ሰማች።

"ቲማቲም ነው ብለሻቸው ቢሆን ይሰጡሽ ነበር?" አለች መቅደላዊት።

"ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል ነው ወይስ አዎ?"

"አዎ" አለች እታለም።

"እኔም እመጣ ነበር።"

"ትመጪ ነበር።" እታለም የምትለውን ተዘጋጅታበት ነበር፤ ተጣደፈች። "መቅዲዬ፣ በውሸት ብትመጪ አንድ ቀን አውቀውት..."

"አንድ ቀን" አለች ልጅቱ። አልጮኸችም። "እኔ የምፈራው የዛሬውን ማታ ነው፣ እማዬ። አሁን ስንት ዓመት ልጠብቅ ነው?"

"ስምንት። ዘጠኝም ሊሆን ይችላል።"

"እሺ" አለች መቅደላዊት፣ ስልኩም ተዘጋ።

እታለም ከዚያ በኋላ ሌክውድ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሥራ አገኘች። በመቅደላዊት ልደት ቀን በእረፍት ሰዓቷ ደወለችላት። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። እንደገና ደወለች። የአክስትየው ስልክ ላይም ሞከረች፤ ዝግ ነው። ማድረቂያዎቹ ያጓራሉ፣ እሷ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ መልእክት ገባ። "እማዬ ደኅና ነኝ። ከአክስቴ ቤት ወጥቻለሁ። የት እንዳለሁ አሁን አልነግርሽም" ይላል።

አምስት ጊዜ አነበበችው። ደኅና ነኝ የሚለውን ልታምነው ፈለገች፣ አልቻለችም። ከማን ጋር፣ በምን፣ ወዴት ብላ ብዙ ጻፈችና ሁሉንም አጠፋችው፤ በመጨረሻ የላከችው "እሺ ልጄ፣ በፈለግሽ ሰዓት ደውዪ፣ እጠብቃለሁ" የሚለውን ብቻ ነው። ስልኩን ድምፁ እስከ ጥግ ከፍ አድርጋ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ወደ ልብሱ ተመለሰች።